ርካሽ ማግኔቲክ ኪቦርድ ስትገዙ ዓይናችሁ የት ይሁን?

ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚገባው ጥያቄ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ለጌም ማግኔቲክ ኪቦርድ ልገዛ ነበር፤ ርካሾቹ ይሠራሉ ወይስ ብር ማባከን ነው?» ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ቫሎራንት የምትጫወቱ ከሆነ ይሠራሉ፤ ልዩነቱም ጣታችሁ ላይ ይታወቃችኋል። የኳስ ጌም ወይም ጂቲኤ ከሆነ ግን ብሩን ለማውስ ወይም ለራም አውሉት፤ እዚያ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ካውንተር ስትራይክ ላይ እየሄዳችሁ ከተኮሳችሁ ጥይቱ ይበተናል። ስለዚህ ወደ ግራ ስትሄዱ ቆይታችሁ መተኮስ ስትፈልጉ «ኤ»ን ትለቁና «ዲ»ን ነካ ታደርጋላችሁ፤ ሰውየው ቀጥ ይላል፣ ያኔ ትተኩሳላችሁ። እዚህ ጋ ቁልፉን ልብ በሉት። የተለመደው ሜካኒካል ቁልፍ 4 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ «ተጫነ» የሚባለው ግን 2 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። በጨዋታ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ማንም ሰው ቁልፉን እስከ ታች ነው የሚደፍቀው። ጣታችሁን ስታነሱ ቁልፉ ያንን 2 ሚሊሜትር ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ ኮምፒውተሩ አሁንም እንደተጫናችሁት ነው የሚያውቀው። እናንተ ለቃችኋል፣ ሰውየው ግን ገና እየተራመደ ነው። ተኩሱ የሚስተው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ማግኔቲኩ ይህችን ክፍተት ያጠባል። ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች፤ ከሥሯ ቦርዱ ላይ የማግኔቱን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር ተቀምጧል። ቁልፉ ሲወርድ ማግኔቷ ትጠጋለች፣ ከሴንሰሩ የሚወጣው ቮልቴጅም ይለወጣል። ስለዚህ ኪቦርዱ ቁልፉ ምን ያህል እንደወረደ በየቅጽበቱ ያውቃል። ራፒድ ትሪገር የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፦ ቁልፉ የትም ጥልቀት ላይ ይሁን፣ ጣታችሁ ለምሳሌ 0.2 ሚሊሜትር ቀና እንዳለ እንደተለቀቀ ይቆጠራል፤ መልሳችሁ ትንሽ ስትጫኑት ደግሞ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የሚነካካ ብረት ስለሌለም በመነካካት ብዛት አርጅቶ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ የመጻፍ ችግር የለበትም።

ፊዚክሱ የቆየ ነው። ማግኔት ቮልቴጅን የሚለውጥበትን ይህን ክስተት ኤድዊን ሆል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን፣ ሃኒዌል የተባለው ኩባንያም በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ኪቦርዶች ነበሩት። ራፒድ ትሪገርን ለተጫዋቾች ያመጣው ግን የሆላንዱ ኩባንያ ዉቲንግ ነው። የእሱ 60 ኤችኢ 175 ዶላር አካባቢ ስለነበር ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አልነበረም። ከዚያ የቻይና አምራቾች ገቡበት፤ ድራንክዲር ኤ75 ዋጋውን ሰበረ፣ አሁን እነ አውላ ዊን60 ኤችኢ እና ሞንስጊክ ፈን60 ከ40 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ትራንስፖርቱንና ቀረጡን ስትጨምሩበት እዚህ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ነው፤ ቢሆንም አሁን የሚሞከር ሆኗል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፉት ቁጥሮች አያታሏችሁ። «8000 ኸርዝ» ማለት ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ በየ0.125 ሚሊሰከንድ ሪፖርት ያደርጋል ማለት ነው፤ የተለመደው 1000 ኸርዝ በየ1 ሚሊሰከንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም ባህሬን ያለ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጋችን በአሥሮች ሚሊሰከንድ ነው የሚቆጠረው፤ ያንን የትኛውም ኪቦርድ አይቀንሰውም። «0.01 ሚሊሜትር» የሚለውም ሶፍትዌሩ ላይ የምትመርጡት የደረጃ ልክ እንጂ ሴንሰሩ ያን ያህል በትክክል ይለካል ማለት አይደለም። እዚያ ድረስ ካወረዳችሁት ርካሹ ኪቦርድ ጣታችሁ ሳይንቀሳቀስ ቁልፉን ሊያበራና ሊያጠፋ ይችላል።

ሴንሰር ርካሽ ዕቃ ነው። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ፈርምዌሩ ነው፦ የሴንሰሩን መዋዠቅ እንዴት እንደሚያጣራ፣ ካሊብሬሽኑ ይቆያል ወይ፣ አምራቹ አፕዴት ያወጣል ወይ። ሪቪው ስታዩ መብራቱንና ድምፁን እለፉና ይህን ፈልጉ።

ሴቲንጉን በተመለከተ፣ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ «ተጫነ» የሚባሉበትን ጥልቀት 1.0 ሚሊሜትር ላይ አድርጉና ራፒድ ትሪገሩን ከ0.2 ጀምሩ። ሌሎቹን 2.0 ላይ ተዉአቸው። ስፔስ ባር ላይ ራፒድ ትሪገር አጥፉ፤ ረጅም ቁልፍ ስለሆነ ይወዛወዛል፣ ሳትፈልጉ ያዘልላችኋል። ለጽሑፍ ደግሞ ሌላ ፕሮፋይል ይኑራችሁ። በፎነቲክ አማርኛ ስንጽፍ አብዛኛውን ፊደል በሁለት ቁልፍ ነው የምናወጣው፤ አንዲት ያልታሰበች ንክኪ «ስ»ን «ሳ» ታደርገዋለች፤ በ0.1 የተስተካከለ ኪቦርድ ጣት ስላረፈበት ብቻ ይጽፋል።

ስናፕ ታፕ ወይም ኤስኦሲዲ የሚል አማራጭም ታገኛላችሁ፤ ኤ እና ዲ አብረው ሲጫኑ የመጨረሻውን ብቻ ይቆጥራል። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ አጥፉት። የጨዋታው አምራች ቫልቭ ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ስለከለከለው ኦፊሻል ሰርቨር ላይ ከጨዋታ ያስወጣችኋል። ራፒድ ትሪገር ግን አልተከለከለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ጋ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ የሶፍትዌሩን ገጽ በክሮም ክፈቱት፤ ብዙዎቹ በፋየርፎክስ አይሠሩም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ስትጫኑ በስክሪኑ ላይ ያለው መለኪያ ሳይዘል አብሮ መውረድ አለበት፣ ስትለቁትም ዜሮ ላይ መመለስ አለበት። መለዋወጫ ስዊች ስትገዙም ለዚያ ሞዴል የሚሆን መሆኑን ጠይቁ፤ የማግኔቱ ዋልታና ጉልበት ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስለሚለያይ ቦታው ላይ ቢገባም ላይሠራ ይችላል።