በፊልሙ ላይ ያሉት ነጫጭ ምልክቶች ምን ይላሉ? ስለ ስትሮክና ስለ ቀጫጭን የአንጎል ደም ስሮች

ካርቱም የኖረ ሐበሻ ስትሮክን «ጀልጣ» ይለዋል። ቃሉ የዐረብኛ ነው፣ የረጋ ደም ማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ከደይምና ከጀሪፍ ወጥተው ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ከተጓዙት መካከል ጀልጣ የመታው አባት ወይም እናት ይዘው የወጡ አሉ። የሚከታተላቸው ሐኪም እሱም ተሰደደ፣ ኪኒኑ መንገድ ላይ አለቀ። የቀረው በፌስታል የተጠቀለለ ፊልምና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ «ስሞል ቬስል ዲዚዝ» ወይም «ላኩናር ኢንፋርክት» የሚል ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

በገዚራ እርሻ የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከሰናር ግድብ የሚመጣው ትልቁ ቦይ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ማሳው ውስጥ የምትገባው ትንሿ ቦይ፣ አቡ ዒሽሪን የሚሏት፣ በደለል ከተደፈነች ያቺ ቁራሽ ማሳ ትደርቃለች። አንጎልም እንደዚሁ ነው። ከትልልቆቹ ደም ስሮች ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ ከክር የማይወፍሩ ስሮች አሉ። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ግድግዳቸውን ያወፍረዋል፣ ያደርቀዋል። ስኳር፣ ሲጋራና ዕድሜም ያግዙታል። በመጨረሻ አንዷ ትዘጋለች፣ ወይም ትፈነዳለች። በመዘጋት ከሚመጣው ስትሮክ ሩብ ያህሉ መነሻው እነዚህ ቀጫጭን ስሮች ናቸው።

ስሮቹን ራሳቸውን ማንም በፊልም አያያቸውም፣ በጣም ቀጫጭን ናቸው። ሐኪም የሚያየው የጥፋታቸውን ዱካ ነው። አንደኛው ዱካ ላኩን ይባላል፤ ከ3 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ውኃ የሞላበት ትንሽ ጉድጓድ፣ ማለትም የድሮ ስትሮክ ጠባሳ ነው። «እኔ እኮ ስትሮክ ይዞኝ አያውቅም» የሚል ሰው ፊልም ላይ ሁለትና ሦስት ላኩን ይገኛል። ድምፅ ሳያሰማ ያለፈ ስትሮክ ነው።

ሌላው በኤምአርአይ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ጉዳት ነው። ሐኪሞች «ፋዜካስ» በሚባል መለኪያ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ይሰጡታል። 1 ከሆነ በሽምግልና ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፣ አትደንግጡ። 3 ሲሆን ግን ነጩ ተያይዞ ሰፍቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ሰው እጅ እግሩ ደህና ሆኖ እርምጃው ሊያጥር፣ ሐሳቡ ሊዘገይ፣ ሽንት ሊያጣድፈው፣ ዝምታ ሊያበዛ ይችላል። «ስደቱ ሰበረው» ወይም «ሰነፈ» እንለዋለን። ስደቱም ይሰብራል፣ አልካድኩም፤ ግን አንዳንዴ አንጎሉ ነው የተጎዳው፣ ሰውዬው ላይ መጮህ አይረዳም።

ሦስተኛው ማይክሮብሊድ ነው፣ ጥቃቅን የደም ፍሳሽ ጠባሳ። ይህ በሲቲ ስካን አይታይም፣ ለደም ተብሎ የተዘጋጀ የኤምአርአይ ምስል ይፈልጋል። በአንጎል ጥልቅ ክፍል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጣት የሚጠቁመው ወደ ደም ግፊት ነው። ወረቀታችሁ ላይ ካለ ለክሊኒኩ ሐኪም ንገሩ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲያዝ ይመዝነዋል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

ስለ አስፒሪን ካነሳን አይቀር፣ ሰው ሲወድቅ ሮጦ አስፒሪን የመስጠት ልማድ አለ። ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ይጎዳዋል፣ መዘጋት ይሁን መፍሰስ ደግሞ ያለ ሲቲ ስካን አይለይም። «ሁለት ኪኒን ከአንድ ይሻላል» የሚለውም እዚህ አይሠራም። ኤስፒኤስ3 በተባለ ጥናት ላኩናር ስትሮክ ያገኛቸው 3,000 ያህል ሰዎች ታይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ ስትሮኩን ከአስፒሪን ብቻ የተሻለ እንዳልቀነሱ፣ የደም መፍሰስን ግን እንደጨመሩ አሳየ። ለጥቂት ሳምንት ሐኪም ሁለቱን ሊያዝ ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ጥናት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ከ130 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች ግን አንጎላቸው ውስጥ ደም የመፍሰሱ አደጋ በግልጽ ቀንሷል።

ስለዚህ ኤምአርአይ በሌለበት ካምፕም ዋናው ሕክምና አለ፤ የግፊት መለኪያና እንደ አምሎዲፒን ያለ ርካሽ ኪኒን። ግፊት አያምም፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ነው ብዙዎችን የሚጥላቸው። ኪኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ክሊኒክ ሂዱ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ይዛችሁ። የእርዳታ ምግብ ላይ ጨው ቀንሱ።

ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር በሰላሙ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ያዙና በሽተኛውን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ አይጠብቅም፣ በብዙ ቦታም አይገኝም፤ ያም ሆኖ ቶሎ መድረስ ይጠቅማል። ውኃም ኪኒንም በአፉ አትስጡት፣ ሊያንቀው ይችላል።

ፊልሙን ከፀሐይና ከዝናብ ጠብቁት። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱና ለአንድ ዘመድ ላኩ፤ ድንኳን ቢቃጠል ወይም ስልክ ቢጠፋ የሚቀጥለው ሐኪም አዲሱን ምርመራ ከድሮው ጋር የሚያስተያየው በእሱ ነው።