ኮምፒዩተርን ሌትና ቀን ሳያጠፉ መተው ጕዳት አለውን?

በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ በቤት ያለ ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ሌትና ቀን እንዲሠራ ቢተው ጕዳት አለው ወይስ የለውም? የሚለው ነው። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «መሣሪያን የሚጐዳው ማብራትና ማጥፋቱ ነው፤ ስለዚህ ሳይጠፋ ቢቈይ ይሻለዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ማናቸውም መሣሪያ ዕረፍት ካላገኘ ያረጃል፤ ከዚህም በላይ ሰው በተኛበት ሰዓት እሳት ሊያስነሣ ይችላል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር አላነሡትም።

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። በብዙ ቤት ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ሲሆን፣ ቢበላሽ በቶሎ የሚተካ አይደለም። በውስጡም የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ድካም የፈሰሰበት የመመረቂያ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን «አይጠፋ» የሚለው አስተያየት ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥለን ከመሣሪያው ክፍሎች የትኞቹ በሥራ ብዛት እንደሚያረጁ፣ በመጨረሻም እውነተኛው አደጋ ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. «አይጠፋ» የሚለው አስተያየት ከየት መጣ?

በ1946 በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 18,000 ያህል የቫክዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ የሚፈጀውም ኀይል ወደ 150 ኪሎዋት ይደርስ ነበር። የቫክዩም ቱቦ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ ያለው ክር ግሎ ሲቀላ ነው። መሣሪያው ሲበራ ክሩ ይሞቃል፣ ሲጠፋም ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መለዋወጥ የተነሣ ከቱቦዎቹ አብዛኞቹ የሚቃጠሉት መሣሪያው በሚሞቅበትና በሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንደ ነበረ መሐንዲሶቹ ተረዱ። ስለዚህም እንዳይጠፋ አደረጉ። ኤኒያክ በሜሪላንድ ግዛት ወደ አበርዲን ተዛውሮ በ1947 እንደ ገና ከተነሣ በኋላ እስከ ጥቅምት 1955 ድረስ ሠርቷል። ይሁን እንጂ ያለ አንዳች ብልሽት የቈየበት ረጅሙ ጊዜ በ1954 የተመዘገበው 116 ሰዓት፣ ማለት አምስት ቀን ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምክሩ በዚያ ዘመን ትክክለኛ ነበር። ዛሬ ግን የቱቦውን ቦታ የያዘው ትራንዚስተር የሚግል ክር የለውም። ምክሩ የተነገረለት ነገር ሲጠፋ ምክሩ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

በርግጥ ዛሬም ቢሆን መሣሪያ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ክፍሎቹን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ብየዳም በዚህ መለዋወጥ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሆኖም መጠኑን ማስላት ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ኮምፒዩተር በ10 ዓመት ውስጥ 3,650 ጊዜ ያህል ይነሣል። በአንጻሩ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ብዙ ሃርድ ዲስኮች 50,000 ጊዜ ተነሥተው እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በየማታው ማጥፋት መሣሪያውን ይጐዳዋል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት አይገኝም።

፪. በሥራ ሰዓት ብዛት የሚያረጁ ክፍሎች

ሁለተኛው ወገን «ያረጃል» ማለቱ በሁለት ክፍሎች ረገድ እውነት አለው። አንደኛው ማራገቢያው ሲሆን፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ በሽክርክሪቱ መጠን ይበላል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኀይል በሚያስተካክለው ክፍል ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር ነው። ፈሳሹ በሙቀት ምክንያት ቀስ በቀስ እየተነነ ይደርቃል።

በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቍጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል የሚለው ነው። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተወሰነለትን አንድ ካፓሲተር እንውሰድ። ይህ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ቢሠራ፣ የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ስለ ሆነ፣ ዕድሜው አራት ጊዜ እጥፍ ሆኖ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስላለው ሳይጠፋ የሚሠራ ከሆነ ይህ ዕድሜ በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ያልቃል፤ በቀን 8 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ወደ 11 ዓመት ያህል ያገለግላል። ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ሙቀቱ ወደ 75 ዲግሪ ከወጣ ደግሞ፣ ሳይጠፋ የሚሠራው ዕድሜ ከሁለት ዓመት በታች ይወርዳል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት፣ የሰዓት ብዛትና ሙቀት የማይነጣጠሉ መሆናቸው ነው። ሰዓቱን በሦስት እጅ ከመቀነስ የሚገኘው ጥቅም፣ ሙቀቱን በ16 ዲግሪ ያህል ከመቀነስ ከሚገኘው ጥቅም ጋር እኩል ነው።

ስለ ሃርድ ዲስክ ግን ነገሩ እንደዚህ ግልጽ አይደለም። የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምረው በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የዲስኮቹ ብልሽት ከሙቀትም ሆነ ከሥራ ብዛት ጋር ያለው ግንኙነት ቀድሞ ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት ዲስክ ሳይጠፋ ስለ ሠራ ብቻ ይሞታል አይባልም፤ ስላረፈም አይሞትም አይባልም። ስለዚህ ጽሑፉን በሁለተኛ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው ኮምፒዩተሩን ቢያጠፋውም ባያጠፋውም ከአደጋ አልዳነም።

፫. ሙቀትና የአገራችን ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው አየር ጋር በእኩል ሙቀት ሲመዘን ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር መጠን አንድ ሲሆን፣ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ በ10 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣው አየር፣ እዚህ ለተመሳሳይ ሥራ በ13 ዲግሪ ያህል ሞቆ መውጣት ይኖርበታል። ደግነቱ የከተማዪቱ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጕድለቱ ይካካሳል። በአንጻሩ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ሞቃት ነው።

ስስ አየር ሌላም ጠባይ አለው፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከላከል ችሎታው ያነሰ ነው። በአንዳንድ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ጀርባ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ቍጥር ያለበት ምልክት የሚታየው ስለዚህ ነው። ትርጕሙ መሣሪያው ከዚህ ከፍታ በታች እንዲሠራ ተመርምሮ ተፈቅዷል ማለት እንጂ፣ ከዚያ በላይ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም። ቢሆንም በደጋ አገር የሚኖር ተማሪ እንዲህ ያለውን ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ በሥራ ላይ ትቶ ባይተኛ ይመረጣል።

፬. ዋናው አደጋ፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥ

እስካሁን የተመለከትነው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ይመጣል በሚል ግምት ነው። መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈር ግን ሳይጠፋ የሚቈይ ኮምፒዩተር በእውነቱ የለም፤ ያለው ባለቤቱ የማያጠፋው፣ መብራት ግን ድንገት የሚያጠፋው ኮምፒዩተር ነው። ሁለቱም ወገኖች ያላነሡት ነገር ይህ ነው።

ኮምፒዩተር ራም በተባለው ጊዜያዊ ማስታወሻው የሚይዘው ነገር ኤሌክትሪክ ካለ ብቻ የሚኖር ነው። መብራት በጠፋበት ቅጽበት ያልተቀመጠው ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። የዲስኩ መርፌ በችኰላ ወደ ማረፊያው እንዲመለስ መሐንዲሶች ብልሃት አበጅተውለታል፤ ኀይሉንም የሚያገኘው ገና በመሽከርከር ላይ ካለው ከራሱ ሞተር ነው። ዲስኩ በዚህ ቢድንም፣ በዚያች ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የዛሬ ኮምፒዩተሮች የመዝገባቸውን ሥርዓት ከመፍረስ የሚጠብቁበት ዘዴ አላቸው፤ ይህ ዘዴ ግን የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የተማሪውን ጽሑፍ ሁልጊዜ አይደለም።

መብራት ሲመለስም አደጋው አያበቃም። በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ቢሆንም፣ መብራት በመጣበት ሰዓት የሰፈሩ ማቀዝቀዣና ምድጃ ሁሉ በአንድነት ስለሚነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል። 3,500 ዋት የሚወስድ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች መብራት ሲመጣ በራሳቸው እንዲነሡ የታዘዙ ስለ ሆኑ፣ ሰው በሌለበት በዚህ መዋዠቅ መካከል ይነሣሉ፤ መብራቱ ተመልሶ ቢሄድም እንደ ገና ይወድቃሉ። ይህን ትእዛዝ ማንሣትና መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥበቃ ነው።

ብዙ ሰዎች ስታቢላይዘርንና ዩፒኤስን አንድ አድርገው ያዩአቸዋል። ስታቢላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኀይል አይሰጥም። ዩፒኤስ ግን በባትሪው ለጥቂት ደቂቃዎች ያቈያል። እነዚህ ደቂቃዎች የሚጠቅሙት ኮምፒዩተሩን በደንብ የሚያጠፋ ሰው ካለ ነው። ሰው ከሌለ፣ ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፤ ሥራህን አስቀምጠህ ጥፋ» ብሎ እንዲያዘው ካልተደረገ፣ አደጋውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። መብረቅ በኤሌክትሪክ መስመርም በስልክ መስመርም ሊገባ ስለሚችል፣ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ነጐድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ሁለቱንም ገመዶች መንቀል ያስፈልጋል።

የመሬት መስመር በሌለው ቤት የኮምፒዩተሩን ብረት ሲነኩ እጅን ነዘር የሚያደርግ ስሜት ይሰማል። ይህም የሚሆነው በመሣሪያው መግቢያ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች የመስመሩን ግማሽ ቮልት በጣም በትንሽ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ስለሚያሳልፉ ነው። በራሱ ሰውን የሚገድል አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ የመሬት መስመር እንደሌለው ይነግረናል። እንዲህ ባለ ቤት ሌላ ብልሽት ቢመጣ ሰውን የሚያድነው ነገር የለም።

፭. ስለ እሳት

የዛሬ ኮምፒዩተር ማዕከላዊ ክፍል ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ሥራውን ይቀንሳል፤ ካልበረደለትም ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ እሳት የሚፈራው ከዚያ አይደለም። የሚፈራው በደንብ ካልያዘ ሶኬት፣ ምድጃና ኮምፒዩተር በአንድነት ከተሰካበት ማከፋፈያ፣ እንዲሁም ከላፕቶፕ ባትሪ ነው። ባልያዘ ሶኬት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው ካሬ መጠን ያድጋል፤ ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

የላፕቶፕ ሊትየም ባትሪ ዘወትር ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ሲቈይ ቶሎ ያረጃል፤ አልፎ አልፎም ያብጣል። ብዙ ኩባንያዎች ባትሪው በ80 ከመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ትእዛዝ በመሣሪያው ውስጥ አስገብተዋል፤ ላፕቶፑን ዘወትር ሰክቶ የሚሠራ ሰው ሊጠቀምበት ይገባል። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ላፕቶፕ ግን ለአንዲት ሌሊት እንኳ ሰክቶ መተው አይገባም። ላፕቶፕን በፍራሽ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ማኖርም የአየሩን መግቢያ መድፈን ነው።

፮. ስለ ወጪና ስለ ኢንተርኔት

60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር ያለ ሥራ በርቶ ቢቈይ በ30 ቀን 43 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስሊፕ በተባለው የእንቅልፍ ሁኔታ 2 ዋት ቢወስድ ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሥራውን የያዘው በራም ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ ያጣዋል፤ ሃይበርኔት የተባለው ሁኔታ ግን ሁሉን በዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚጠፋ ለአገራችን የተሻለ ነው።

በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጐጂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን በያዘ ጊዜ፣ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ብዙዎቹ ማሻሻያዎች ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደ ገና ካልተነሣ ሥራ ላይ አይውሉም። ስለዚህ ለወራት ያልጠፋ ኮምፒዩተር መድኀኒቱን ተቀብሎ ሳይውጠው ያስቀመጠ በሽተኛ ይመስላል።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው ውሳኔ ይገኛል።

1ኛ/ ሳይጠፋ መሥራት በራሱ ኮምፒዩተርን አይገድልም፤ በቀን አንድ ጊዜ ማጥፋትም አይጐዳውም።

2ኛ/ ሥራ የሌለው ኮምፒዩተር ሌሊቱን በርቶ ቢያድር የካፓሲተሩንና የማራገቢያውን ዕድሜ ከመቀነስ፣ የመብራትንም ሒሳብ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ ማታ ሲጨርሱ ማጥፋት ወይም በሃይበርኔት ማስተኛት ይሻላል።

3ኛ/ ለረጅም ስሌት ወይም ለሌላ በቂ ምክንያት በርቶ ማደር ያለበት ኮምፒዩተር፣ አቧራው የተጠረገ፣ ለብቻው በጠበቀ ሶኬት የተሰካና ራሱን እንዲያጠፋ ከሚያዘው ዩፒኤስ ጋር የተያያዘ ይሁን። ስሌቱም የደረሰበትን በየጊዜው እየጻፈ እንዲያስቀምጥ ይደረግ።

4ኛ/ የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ሁልጊዜ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ኮምፒዩተር ቢበላሽ በገንዘብ ይገዛል፤ የጠፋ የመስክ ጥናት ግን መረጃውን የሰጡት ሽማግሌዎች ዳግመኛ ላይገኙ ስለሚችሉ በገንዘብ አይመለስም።