የግመል ጉንፋን በቀጣናው ምን ያህል ተሰራጭቷል? የደም ምርመራ ውጤት ለነጋዴው ያለው ትርጉም

ከጅግጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ፣ ከዚያም በርበራ ወደብ በሚደርሰው መስመር ላይ የሚያስል ወይም ንፍጥ የሚወርደው ግመል ማየት ብርቅ አይደለም። በሐርጌሳ 26 ጁን ወረዳ ተቀምጦ በስልክ ዋጋ የሚደራደር ነጋዴ ግን «በግመሎቹ ላይ የኢንፍሉዌንዛ ምልክት ተገኘ» የሚል ወሬ ሲደርሰው ቀድሞ የሚያስበው ገበያው እንዳይዘጋ ነው። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በ1998 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ከቀጣናው በሚሄዱ የቁም እንስሳት ላይ እገዳ ጥላ ነበር፤ ሁለተኛው የተነሳው በ2009 ነው። ወሬን ከምርመራ ውጤት ለይቶ ማወቅ ለነጋዴ ገንዘብ ነው።

የተገኘው ምንድን ነው?

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚባሉ አራት ዓይነቶች አሉት። ዲ የተባለው አዲሱ ሲሆን መጀመሪያ የተለየው በ2011 በአሜሪካ ኦክላሆማ ከታመመ አሳማ ነው፤ ዋነኛ መኖሪያው ግን የቀንድ ከብት መሆኑ ኋላ ታወቀ።

በ2017 የወጣ ጥናት በኬንያ ግመሎች ደም ውስጥ የሲ ወይም የዲ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን አሳየ። ሁለቱ ቫይረሶች ስለሚቀራረቡ በደም ምርመራ ብቻ መለየቱ ያስቸግራል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ጤነኛ በሚመስሉ ግመሎች ላይ የዲ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት አገኘ። አብረዋቸው በሚኖሩ ሌሎች እንስሳት ላይ ግን እንዲህ ያለ ስርጭት አልታየም።

ፀረ እንግዳ አካል ማለት በሽታ አይደለም

ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የደም ምርመራ የሚነግረን እንስሳው ከዚህ በፊት ቫይረሱ እንዳገኘው ነው። ዛሬ ቫይረሱን ይዞ ስለመሆኑ የሚነግረን ከአፍንጫ የሚወሰደው ናሙና ነው። ለምሳሌ ከ100 ግመሎች የ90ዎቹ ደም ምልክት ቢያሳይ፣ በዚያው ቀን በአፍንጫቸው ቫይረስ የሚገኘው ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ወይም በአንዳቸውም ላይ ላይሆን ይችላል። «90 በመቶ ታመዋል» ብሎ ዋጋ የሚሰብር ደላላ ቢመጣ መልሱ ይህ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በመርስ ቫይረስ ታይቷል። በሽታው የታወቀው በ2012 ነው። ከ1983 እስከ 1997 ተሰብስቦ የተቀመጠ የግመል ደም ሲመረመር ግን ከሱዳንና ከሶማሊያ ናሙናዎች 81 በመቶው ፀረ እንግዳ አካሉ ነበረው። ቫይረሱ ስም ሳይወጣለት ለዓመታት በግመሎች መካከል ሲዘዋወር ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ መናቅ ይገባል?

አይገባም። ዲ በሰው ላይ በሽታ ማድረሱ አልተረጋገጠም፤ መርስ ግን ከግመል ወደ ሰው ተላልፎ ሰው ይገድላል። ሁለቱንም በዓይን መለየት አይቻልም። ቫይረሱ የሚስፋፋውም ከተለያየ ቦታ የመጡ እንስሳት በአንድ በረት ሲታጎሩ፣ በጉዞና በጥም ሲደክሙ ነው። ይህ ደግሞ የንግዱ የዕለት ተዕለት ሁኔታ ነው።

ስለዚህ፦

- አዲስ የገዙትን ከነባሩ ጋር ወዲያው አይቀላቅሉ፤ ለተወሰኑ ቀናት ለይተው ይዩት።
- የሚያስለውን ወይም ንፍጥ ያለበትን ለዩ፤ በአንድ ገንዳ አብሮ አይጠጣ።
- እረኞችና ጫኞች እንስሳ ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።
- ብዙ እንስሳ በአንድ ጊዜ ካሳለ ከመጫን በፊት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።
- የምርመራ ውጤት ሲቀርብልዎ «የደም ነው ወይስ የአፍንጫ? መቼ የተወሰደ?» ብለው ይጠይቁ።

በርበራ ማቆያ ደርሶ አንድ የታመመ ግመል ሙሉውን ጭነት ሊያስቆም ይችላል። ያንኑ ግመል ገና ቶጎ ውጫሌ ላይ ለይቶ ማስቀረት የሚያስከፍለው የአንድ እንስሳ ዋጋ ብቻ ነው።