ወደ ሞያሌ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ለመድረስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያሻል። ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት፤ በወዲህኛው ወገን ተሽከርካሪ ቀኙን፣ በወዲያኛው ግራውን ይዞ ይነዳል። ከዚያ እስከ ኢሲኦሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ አስፋልት ሆኗል። ቀድሞ ግን መንገደኛው በጭነት መኪና ላይ ከከብት ጋር ተጭኖ፣ አቧራ እየቃመ፣ ዲዳ ጋልጋሉ የተባለውን ድንጋያማ ምድረ በዳ ያቋርጥ ነበር።

እኔ የተጓዝሁት እስከ ድንበሩ ነው። ከጎኔ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት፣ አባቱ ገና ያላየውን የስምንት ወር ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ያቤሎን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ነፋስ አልነበረውም። አራት ሰዓት ቆምን። የመኮንንነት ትምህርቴ ምን እንደ ጠቀመኝ እንጃ፣ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ፤ እርሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ውኃዋን ለሕፃኑ ቆጥባ፣ በሶዋን ለእኛ አካፈለች። የጉዞ ወረቀቷንም እንደ ሌሎቻችን ከጣራው ላይ ከጓዙ ጋር አልጫነችም፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። እኅቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ሞያሌ ስንደርስ መሽቷል። አሥር አለቃው ከቀትር ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል። ሕፃኑን ሲቀበል ልጁ ጮኾ አለቀሰ፤ አባት ደነገጠ፤ እርሷ ግን በጉዞው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።