ምዕራፍ 5፦ ፍሬንዎን ማን ይንካው?

ውርጌሳ መንገድ ዳር ቆሞ ከውጫሌ በኩል የወረደ የጭነት መኪና ሲያልፍ ያሸተተ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ያውቀዋል። ያ የሚከረፋ ሽታ የፍሬን ሸራ ነው። «ፍሬን መኪና ማቆሚያ ነው» ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ሁልጊዜ ያበሽቁኛል። ፍሬን ሩጫን ወደ ሙቀት መለወጫ ነው፤ ያ ሙቀት የት ይግባ ብሎ የማይጨነቅ መካኒክ መኪናዎን ባይነካው ይሻላል። ሒሳቡ ይኸው፦ ሦስት ቶን የሚመዝን፣ ሰው የሞላ ዶልፊን ሚኒባስ በፍሬን ብቻ እየተያዘ 400 ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 35 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ሁሉ የሚችሉት ጎማው ውስጥ የተደበቁት ሸራና ታምቡር፣ ፓድና ዲስክ ናቸው።

የተጫነች አህያ ቁልቁለት ስትወርድ አይተው ያውቃሉ። ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ከጭራዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ነው። ፍሬን ማለት ያ ጠፍር ነው። ጠፍሩ ሲሳሳ ቆዳ ይልጣል፣ ሸራው ሲያልቅ ብረት ብረትን ይፍቃል። አህያዋ ቁልቁለት ላይ የፊት እግሮቿ ላይ እንደምትከብድ መኪናም ፊቱ ላይ ይከብዳል፤ የፊት ፓድ ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ጠፍሩን በአንድ ጎን ብቻ ቢያጠብቁት ጭነቱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ የቀኙን ሸራ ቀይሮ የግራውን «ገና ነው» የሚል ባለሙያ አይመኑ።

እስካሁን ያልነው፦ ሙቀት አለ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይሠራል። አሁን ወደምወደው ነገር፣ ወደ ዘይቱ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሾፌሩ እንደምንም ብሎ መኪናውን ያቆማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ፔዳሉ ይመለሳል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ሁለቴ ረግጦ «ምንም የለውም» ይለዋል! እኔ ጋራዥ የምመርጠው በዚህች ቅጽበት ነው። ደህናው መካኒክ ፔዳሉን ከመርገጡ በፊት «የት ላይ ነው የከዳህ? ስንት ሰው ጭነህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ሾፌር ለጥገና ከፍሎ ሦስት ሳምንት የነዳውን ሚኒባስ አምጥቶልኝ ነበር። ሲይዝ ወደ ግራ ይስባል። የኋላ ቀኙን ጎማ ፈታሁት፤ ታምቡሩ ላይ ሸረሪት ሊያደራበት ምንም አልቀረውም። ወደ ጎማው የሚሄደው የዘይት ቱቦ ታጥፎ በመዶሻ ተደፍጥጧል። የዘይት ማሸጊያ ጎሚኒው ያፈሰውን ጎማ «ጠገኑት» ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰውየው በሦስት ጎማ ፍሬን ሲመላለስ ከርሟል። ብሳደብ ደስ ባለኝ፤ ግን ረዳት ሳለሁ፣ ጌታዬ አዞኝ፣ እኔም አንድ አይሱዙ ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ። መዶሻው እጄ ላይ የነበረው ክብደት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ የሚጥለውን የፎሌን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ ከሚለቁ ሾፌሮች ጋር ዕድሜ ልኬን ተጨቃጭቄአለሁ። ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ መርጨቱን ያቆማል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። ቆጠባው የታለ? ሞተሩን አጥፍተው የሚወርዱትማ ጥቂት ጊዜ እንደረገጡ የሰርቮው እገዛ አልቆ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንባቸዋል። ይህንን ስነግራቸው «አንተ መካኒክ ነህ እንጂ ሾፌር አይደለህም» ይሉኛል።

ቦሎ አለኝ ብለውም አይዘናጉ። በሕግ የተደነገገው ዓመታዊ ምርመራ ግድ ነው፤ ግን የሚነግርዎ የዚያን ዕለት ሁኔታ ነው።

ከተማው ትንሽ ነው ብለው የውርጌሳውን ወይም የመርሳውን ባለሙያ አይናቁ። ጎማ መፍታት፣ ሸራ መቀየር፣ ዘይት ለውጦ አየር ማስወጣት ትልቅ ከተማ አይጠይቅም። የተቦረቦረ ታምቡር ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ያስፈልጋል፤ መኪናው ይቁምና ታምቡሩ ብቻ ተፈትቶ ወደ ወልዲያ ወይም ደሴ ይሂድ። ፍሬኑ የታመመ መኪና እየነዱ ጋራዥ መፈለግ እብደት ነው። መካኒኩ ያረጀውን ዕቃ እጅዎ ላይ ያስቀምጥልዎ። የዘይቱ ጣሳ ዓይንዎ እያየ ይከፈት፤ ከትናንት የተረፈ ዘይት አይቀበሉ።

ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ነገ ከወልዲያ ወደ ድልብ የሚወጡ ከሆነ፣ መመለሻዎም በዚያው ቁልቁለት ነውና ፍሬኑን ዛሬውኑ ያሳዩ። ሥራው ሲያልቅ መካኒኩን ጋቢና አስገብተው አንድ ዙር ይንዱ። አብሬ አልገባም ካለ ሒሳቡን አይክፈሉ።