ባለ ቀለም ፍሳሽ በፀሐይ ብርሃን ሲጣራ



ባለ ቀለም ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት እንደሚደበዝዝ ሁላችንም እናውቃለን። ብርሃን ቀለምን የመስበር ኃይል አለው። ታዲያ ይህ ኃይል ከጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣውን ፍሳሽ ለማጥራት ሊያገለግል አይችልምን?

ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው። በደቡብ ሕንድ በቲሩፑር ከተማ የሚገኙ ማቅለሚያ ቤቶች ፍሳሻቸውን ለብዙ ዓመታት ወደ ኖያል ወንዝ ሲለቁ ኖሩ። ከከተማይቱ በታች ያሉ ገበሬዎች እርሻቸው ስለ ተበላሸ አቤት አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅለሚያ ቤቶቹ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ብዙ ሠራተኞችም ሥራ ፈቱ። ስለዚህ ፍሳሹን ማጥራት ለገበሬውም ለሠራተኛውም የሚጠቅም ነው።

ብርሃን ብቻውን ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱ ካታሊስት ይባላል፤ ይኸውም ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። በብዛት የተጠናው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ነጭ የቤት ቀለም የሚሠራውም ከእርሱ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሊቃውንት ይህ ነገር በብርሃን ኃይል ውሃን ለመከፋፈል እንደሚረዳ ካስታወቁ ወዲህ ምርምሩ ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ዱቄቱን ሲመታው ኤሌክትሮኖች ከስፍራቸው ይነሣሉ። ከውሃውና በውስጡ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኙም ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባሉ እጅግ ኃይለኛ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ የቀለሙን ሞለኪውል ይሰባብሩታል። በቂ ጊዜ ካገኙ አብዛኛው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ ቀላል ጨዎች ይለወጣል።

ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት የሆነው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው፤ ውሃው እጅግ ከጠቆረም ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሁለተኛ፣ ደቃቁን ዱቄት ከውሃው መልሶ መለየት ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ቀለሙ ጠፋ ማለት ውሃው ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ከስብርባሪው አንዳንዱ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ጨርቅ ሲቀለም የሚጨመረውን ጨው ደግሞ ይህ ዘዴ ፈጽሞ አያወጣውም። የኖያልን ዳርቻ እርሻ ካበላሹት ነገሮች አንዱ ይኸው ጨው ነበር።

ስለዚህ ዘዴው ከሌሎች ማጣሪያዎች ጋር ሊቀናጅ ይገባዋል እንጂ ብቻውን አይበቃም። በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ «ውሃው ጠርቷል» ብለው በብርጭቆ ቢያሳዩአችሁ፣ «ጨውስ ተለክቷልን? የቀረውስ ተመርምሯልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይን የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ከወንዙ በታች ያለው እርሻ ግን የማይታየውንም ይጠጣል።