«ብርድ ነው» የተባለው የልብ ሕመም ነበር

ትንሿ እህቴ ገና ጡት ስትጠባ ጀምሮ ቶሎ ይደክማት ነበር። ሁለት ሦስቴ ትስብና ታቆማለች፤ ግንባሯን ያልባታል። ክብደት አትጨምርም፣ ሳንባ ምችም ይመላለስባታል። ሸኮ ዝናቡም ጉሙም ብዙ ነውና ሰፈሩ ሁሉ «ብርድ ነው» አለ።

አራት ዓመት ሲሆናት ሚዛን አማን ላይ አንድ ሐኪም ደረቷን አዳመጠ። ደግሞ አዳመጠና የልብ አልትራሳውንድ አዘዘ። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ከሳንባው ቧንቧ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ አልተዘጋም። ማንኛውም ሕፃን ማሕፀን ውስጥ ሳለ ይህ መተላለፊያ አለው፤ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ካልተዘጋ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም እየበዛ ልብን ያደክማል። ዘግይቶ የሳንባ ደም ሥሮች ከተጎዱ ደግሞ ቀዶ ጥገናም ላይረዳ ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር ከዚያ በፊት ሕፃናትን ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እዚሁ ይሠራሉ፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ።

«ተራዋ ደርሷል» የሚለው ስልክ የተደወለው ጥቅምት ላይ፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን ነው። ቀዶ ጥገናው ነፃ ቢሆንም መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ ነፃ አይደለም፤ ያ ሁሉ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ቡና ነው። እናቴ «ደረቷን ሊቀዷት ነው?» ብላ አለቀሰች። አያቴ «ቡናው ይለቀምና ትሂድ» አሉ። አባቴ ግን «ቡና ከርሞም ያፈራል» ብሎ ሻንጣ አነሳ። ቡናችንን ጎረቤት በደቦ ለቀመልን።

ሐኪሞቹ በግራ ጎኗ፣ በጎድን አጥንቶቿ መሃል ገብተው መተላለፊያውን ቋጠሩት። ልቧን ማቆም እንኳ አላስፈለገም። አሁን ከጎኗ ጠባሳ በቀር ምልክት የላትም፤ ሩጫ ላይ እኔን ትቀድመኛለች።

በዓለም ላይ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። ቤታችሁ ሲጠባ የሚያልበው፣ የማይወፍር፣ ሳንባ ምች የሚደጋግመው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ካለ፣ ሐኪም ደረቱን ያዳምጠው። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።